ጆንያ የለበሰው ወንበር

እማማ ቀጠሮ ወንበራቸውን ያገኙት ጆንያ ለብሶ ነው። ጠዋት ፊታቸውን ተለቃልቀው፣ እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን እየተደገፉ ወደ ልጃቸው ሥራ ቤት ብቅ ሲሉ፣ ከስፖንጁ ክምር ኋላ የተወሸቀ ነገር ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ልጅ ያሳደገ ሰው ደግሞ የተደበቀ ነገር ይሸተዋል። ጆንያውን በምርኩዛቸው ጫፍ ገለጥ ቢያደርጉት የመኪናው የጋቢና ወንበር ነው፤ አራት ወር ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ኩላሊት እጥበት ሲሄዱ የተቀመጡበት የራሳቸው ወንበር። ልጃቸው ሶፋ ሠሪ አይደል? ዳሌያቸው አልታጠፍ ሲል የመኪናውን ወንበር ፈትቶ አስቀምጦ፣ በምትኩ ሌላ በአራት ጣት ከፍ አድርጎ፣ ጠንካራውን ስፖንጅ ከሥር ለስላሳውን ከላይ ደርቦ፣ ከአንድ ሀብታም ደንበኛ ሶፋ በተረፈ ቡናማ ከፋይ አልብሶ ነበር የሠራላቸው። በግራ በኩል የክንድ ማሳረፊያ ጨመረበት፤ መርፌ የሚገባበት ክንዳቸው እንዲያርፍ። ከእጥበት ሲመለሱ ያ ክንድ የራሳቸው አይመስላቸውም፣ ይከብዳቸዋል፤ ከፋዩ ላይ ካሳረፉት ግን መንገዱን በእንቅልፍ ነበር የሚጨርሱት። አሁን ያ ወንበር መሬት ላይ በጎኑ ተጋድሟል።

ምን ሆኖ ወጣ ብለው ሳይጨርሱ፣ ከጣውላው ግድግዳ ማዶ የልጃቸው ድምፅ መጣ።

"ዛሬ እማዬን የሚመለከት አንዲት ቃል ከአፋችን እንዳትወጣ" ይላል ለሚስቱ፣ ዝቅ አድርጎ። "መኪናዋ እሷን አሳፍራ አታውቅም። የምትጭነው ሶፋ ብቻ ነው። በቃ።"

ሚስቱ፣ ወንበራቸውን ሲጠይቁስ ምን እንበላቸው አለችው። እሱም ምንም አንላትም፣ ቆይቶ እኔ እነግራታለሁ አለ። ከዚያ የመቀስ ድምፅ ብቻ ተሰማ። እማማ ቀጠሮ ሸክም መሆናቸውን ድሮም ያውቁት ነበር፤ የታመመ ሰው ሌላው ሁሉ ቢጠፋው ይህ አይጠፋውም። አዲሱ ነገር ሸክሙ መደበቅ መጀመሩ ነው። እልህ ቢይዛቸው በሩን ገፍተው "ሰምቼሃለሁ" ይሉት ነበር፤ እሳቸው ግን ጆንያውን ጎንበስ ብለው መልሰው አለበሱትና፣ እንዳላየ ሰው፣ እንደመጡት ግድግዳውን ይዘው ተመለሱ።

እማማ ቀጠሮ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ እጥበት ስላለባቸው፣ ማንም "ይግቡ ይረፉ" ቢላቸው መልሳቸው "ቀጠሮ አለብኝ" ስለነበር ነው። ለመኪናዋም ስም አልነፈጓትም፤ ነጭ ስለሆነችና ገና በመጣች በሳምንቷ አልሄድም ብላ ስለቆመች ሙሽሪት ይሏታል። እሳቸውም ስሙን ወደውታል፤ ሙሽራ ስትኮራ ያምርባታል እያሉ ይቀልዱ ነበር። ኩራቱ ወር ሲያልፈው ግን ቀልዱ ቀረ።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ሻያቸውን ጠጡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የጨርቅ ናሙና የተሰፋበት ሰሌዳ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንደሚባለው፣ በሶፋ ሠሪው ቤት ሶፋ የለም። ያለቀ ሶፋ ሁለት ቀን ወይ ሦስት ቀን ያድራል፣ እማማ ቀጠሮ ይቀመጡበታል፣ ከዚያ ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል። "ሲሞቅልኝ ይሄዳል" ይላሉ ሁልጊዜ። ልጃቸው ይስቃል፤ አንድ ቀን እሠራልሻለሁ ይላል፤ ያ አንድ ቀን ግን ሁሌም የሌላ ሰው ትዕዛዝ ያለበት ቀን ሆኖ ይገኛል። በዚያ ቤት ዋጋ የሚለካውም በሶፋ ነው። የቤት ኪራዩ አንድ ባለ ሁለት መቀመጫ ነው። የሙሽሪት የወር ክፍያ አንድ ባለ ሦስት መቀመጫ ከነትራሱ። የተበላሸው ካምቢዮዋ ማሠሪያ ደግሞ፣ መካኒኩ እንደነገራቸው፣ ስድስት ባለ ሦስት።

ሶፋ ሠሪው የሻይ ብርጭቆውን እያዞረ፣ ዛሬ ቢሮ ስለሚሄድ፣ እናቱ ከሚስቱ ጋር በታክሲ ወደ ክሊኒክ ቢሄዱ ጥሩ እንደሆነ ተናገረ። ዓይኑን ከብርጭቆው አላነሳም። እማማ ቀጠሮ የሱ ጉዳይ አራት ሰዓት የሳቸው ስምንት መሆኑን፣ ቢሮውም በመንገድ ላይ መሆኑን፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለው እንደሚጠብቁት ገለጹ። ሊከራከር ሞከረ፤ ፀሐዩ ይጎዳሻል፣ ጉዳዩ ይረዝማል አለ። ለእናቱ "አይሆንም" ማለት ግን ከድሮም አይችልበትም። ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ ጠረጴዛውን መወልወል ጀመረች።

የነገሩን ዳር ዳር እማማ ቀጠሮ ያውቁታል። ሙሽሪትን የሸጠውም ያበደረውም አንድ ድርጅት ነው፤ ብድሩ እስኪያልቅ መኪናዋ በወረቀት የድርጅቱ ናት። ልጃቸው የፈረመ ዕለት ወረቀቱን ይዞ መጥቶ፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንብቦላቸዋል። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን ነበር፣ አንዱ "ለግል" ሌላው "ለንግድ" የሚል። ሻጩ ንግድ ካልክ ቶሎ ያልቅልሃል ብሎት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሻጩ ባይለውም እዚያው ላይ ነበር ምልክት የሚያደርገው። ሰው "ድርጅትህ ማን ይባላል?" ብሎ ሲጠይቀው የመጀመሪያው ነበራ። ድርጅቱ እሱ ራሱ፣ አንድ መዶሻና ሁለት መቀስ ነበር፤ እሱ ግን ደረቱን ነፍቶ ምልክቷን አደረጋት፣ ለእናቱም ያቺን ምልክት በጣቱ አሳያቸው። እሳቸውም ተደስተው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የሙሽሪት ሁለተኛ ማርሽ አልገባም ሲል ወደ ሻጩ ወሰዳት። በዚያ ምልክት ምክንያት መልሰው ላኩት፤ አንተ ነጋዴ ነህ፣ የሸማች መብት አንተን አይመለከትህም፣ ራስህ አሠራ አሉት። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ ካልሠራችሁልኝ አልከፍልም አለ፣ ሁለት ወር ሳይከፍል ቀረ፣ መኪናውን እንወስዳለን የሚል ደብዳቤ መጣ። የሸማቾች አቤቱታ ሰሚ ቢሮ የሚባል ነገር መኖሩን የነገረው መካኒኩ ነው። ዛሬ ቢሮው ሁለቱንም ወገን ጠርቷል፤ መኪናዋንም ይዛችሁ ኑ ብሏል።

ሙሽሪት በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። በቦታው የተመለሰው የድሮው ወንበር ደረቅና ዝቅ ያለ ነው፤ እማማ ቀጠሮ ሲቀመጡ ዳሌያቸው ቋ አለ። የግራ ክንዳቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው በቀኝ እጃቸው አቀፉት። ልጃቸው አየ። አይቶም ወደ መንገዱ ዞረ። ከአንደኛ ማርሽ ወደ ሦስተኛ ሲዘል መኪናዋ እንደ ደከመ ሰው ታቃስታለች፤ ለወትሮው ይህን ጊዜ እናትና ልጅ አብረው "አይዞሽ ሙሽሪት" ይሉ ነበር። ዛሬ ማንም አላላትም። በመስኮቱ የሚያልፉትን ሱቆች፣ ጎማ የሚጠግኑትን፣ ከትምህርት ቤት አጥር ሥር የተሰጣውን ልብስ እያዩ፣ እንዲህ ከምታፍርብኝ ብትነግረኝ ይሻላል፣ በታክሲም በእግርም እሄዳለሁ ሊሉት አፋቸው ላይ ደርሶ መለሱት። እሱ የሚነግራቸው ነገር እንዳለው ከአንገቱ ያስታውቃል፤ እሱም መለሰው።

ቢሮው ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ሲሆን ግቢው ጠጠር የለበሰ ነው። ልጃቸው መኪናዋን ጥላ ሥር አቁሞ፣ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎላቸው፣ የውኃ ጠርሙስ ጭናቸው ላይ አኑሮ ገባ። ከበሩ አጠገብ ስፖንጁ የወጣ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ሲያልፍ ቆም ብሎ ስፌቱን በጣቱ ነካ አደረገው። እንደዚህ ያለ ቀንም ቢሆን የተቀደደ ነገር አያልፍም። እማማ ቀጠሮ ይህን አይተው፣ ሳያስቡት ፈገግ አሉ፣ ከዚያም የጠዋቱ ትዝ ሲላቸው ፈገግታቸውን ሰበሰቡት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች ወደ ግቢው ወጡ። አንደኛዋ መነጽር ያደረገች ጠና ያለች ሴት ናት፣ አቤቱታ ሰሚዋ፤ ክንዷ ሥር ፋይል ይዛለች። ሁለተኛው ከአበዳሪው ድርጅት የመጣ ሰው ነው፣ ኮቱ የሚያምር፣ ከእሱ ቀድሞ ሽቶው የሚደርስ። ከኋላ ልጃቸው ነው። ሴትዮዋ ሞተሩን አስነስቶ ማርሹን እንዲያሳያት አዘዘችው፣ አሳያት፤ ባለ ሽቶው ከአነዳድ ነው አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ጋቢናው አየና፣ እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው ብሎ ጠየቀ።

ልጃቸው ቀይ የነበረ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ደንበኛዬ ናቸው" አለ። "ሶፋ ሊያሠሩ ነው። ጨርቅ ሊመርጡ ወደ ሱቅ ልወስዳቸው ነው።"

በሠላሳ ስምንት ዓመቱ እናቱን "እሳቸው" ብሎ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። እማማ ቀጠሮ ወልዶ መካድ አለ ሲባል ሰምተዋል፤ ተወልዶ መካድ ግን እንዲህ በፀሐይ፣ እንዲህ በአንድ ክንድ ርቀት መሆኑን አያውቁም ነበር። አቤቱታ ሰሚዋ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ አየቻቸው፤ ምን ዓይነት ሶፋ ነው የሚያሠሩት አለቻቸው፣ ከወግ ይሁን ከጥርጣሬ አይታወቅም። እማማ ቀጠሮ የልጃቸውን እጅ አዩ። የመኪናው በር ላይ ያረፈው እጁ የመስኮቱን ጠርዝ ጨብጧል። ስምንት ዓመቱ እያለ ብርጭቆ ሰብሮ ከኋላቸው ሲደበቅ ቀሚሳቸውን የሚጨብጠው እጅ ነው። ያን ጊዜም ብርጭቆውን የሰበርኩት እኔ ነኝ ብለውለታል።

"ለአንድ ሰው የሚሆን ነው የኔ ልጅ" አሉ። "ዝቅ ያላለ፤ ዳሌዬ አይታጠፍም። የግራ ማሳረፊያው ሰፋ ይበል ብዬዋለሁ። ጨርቁ ቡናማ ከፋይ። ከበሩ ትይዩ ነው የማስቀምጠው፣ የሚገባውንና የሚወጣውን እንዳይ። ደግሞ ሲሞቅልኝ ማንም እንዳይወስድብኝ።"

ልጃቸው ፊቱን አዞረ። ሴትዮዋ በግራ ክንዳቸው ላይ የተለጠፈውን ነጭ ፕላስተር ትንሽ አየችና ፋይሏን የሙሽሪት ግንባር ላይ ዘረጋች። ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ናት፤ የጠረጠረችውን በሰው አፍ አታደርግም። ሶፋ ሠሪውን ቀጥ አድርጋ ጠየቀችው፤ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ለንግድ ነው የምትውለው? አዎ አለ። ሌላ ምንም ጥቅም የላትም? የላትም አለ። እሷም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እንዲያ ከሆነ ልረዳዎት አልችልም" አለችው። "ይህ ቢሮ የሚያየው የሸማችን አቤቱታ ነው። እርስዎ በገዛ አፍዎ ነጋዴ ነኝ፣ መኪናዋም የንግድ ብቻ ናት ካሉኝ፣ ነገሩ የነጋዴና የነጋዴ ነው። ፍርድ ቤት ይሂዱ።"

ባለ ሽቶው ሰው እንግዲያው መኪናዋን በውላቸው መሠረት ዛሬውኑ እንደሚረከብ ተናግሮ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ነው የሚጠብቀው። ሶፋ ሠሪው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ መስጠቱን ግን አልሰጠም፣ መዳፉ ውስጥ ጨብጦት ቆመ። ያን ጊዜ ቀና ሲል ያየው ባለ ሽቶውን አልነበረም፣ አቤቱታ ሰሚዋንም አልነበረም፤ የእናቱን ክንድ ነበር። እማማ ቀጠሮም ያን አስተያየት አዩት። ያፈረ ሰው ዓይን እንዲያ አይደለም። ልጃቸው አላፈረባቸውም፣ ፈርቷል። ከጠዋት ጀምሮ ደረታቸው ላይ የነበረው ድንጋይ ተነሳላቸው፤ በቦታው ግን ሌላ ጥያቄ ገባ። መኪናዋን ለማዳን የተዋሸው ውሸት መልሶ መኪናዋን ሊያስወስድ ነው እንዴ?

አንገታቸውን በመስኮቱ አወጡና፣ ይቅርታ የኔ እመቤት፣ መኪናዋ ለቤትም የምታገለግል ቢሆንስ ብለው ጠየቁ። ልጃቸው ቀልጠፍ ብሎ እሜቴ እባክዎን፣ እርስዎን አይመለከትም አለ፤ ዓይኑ ይለምናቸዋል። አቤቱታ ሰሚዋ ግን እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች።

"ለቤትማ ከሆነ ሌላ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ሕጉ የሚጠይቀው ሳጥኑ ላይ ምን ምልክት ተደረገ ብሎ አይደለም። መኪናዋ በይበልጥ ለምን ዋለች ብሎ ነው። በይበልጥ ለቤተሰብ ከዋለች ገዢው ሸማች ነው። ሰው መብቱን በአንድ ምልክት አይሸጥም።"

"እንግዲያስ ልጄ ነው" አሉ እማማ ቀጠሮ። "ሶፋም አላዘዝኩት። ሲዋሽ ሰምቼ ዝም ያልኩት እናቱ ስለሆንኩ ነው።"

ከጉያቸው ሰማያዊውን የክሊኒክ ካርድ አወጡ። የሄዱበት ቀን ሁሉ ማኅተም አለበት። አቤቱታ ሰሚዋ በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ መኪናዋ ከተገዛች ወዲህ ሃምሳ አንድ። ከዚህ ውስጥ አምስቱን ብቻ በታክሲ እንደሄዱ፣ እሱም ሙሽሪት የቆመችባቸው ቀኖች መሆናቸውን እማማ ቀጠሮ ራሳቸው ለይተው ነገሯት። ቀጥላ የልጃቸውን የትዕዛዝ ደብተር ጠየቀች። በመኪናዋ ተጭኖ የሄደው ሶፋ አሥራ ዘጠኝ ነው። ሶፋ ሠሪው ደብተሩን ሲሰጥ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጥፋቱ ሲታወቅ የሚደፋው አደፋፍ ነው።

ባለ ሽቶው እንደዋዛ የሚታለፍ ሰው አይደለም። ካርዱ እናቲቱ መታከማቸውን እንጂ በዚች መኪና መምጣታቸውን አያሳይም አለ፤ እናት ያለው ሰው ሁሉ ሸማች ነኝ ሊል ነው ወይ አለ። እውነቱን ነው፣ ጥያቄው ጥያቄ ነው። እማማ ቀጠሮ ተናደዱ። ወንበሬን ብታዩትማ እንዲህ አትሉም ነበር አሉ፤ ቁመቴና ክንዴ ተለክቶ የተሠራ ነው፣ ሌላ ሰው ቢቀመጥበት እግሩ አየር ላይ ይቀራል። ወንበሩ የት ነው ቢባሉ፣ እቤት ጆንያ ለብሶ ተኝቷል አሉ። ልጃቸው ደንግጦ አያቸው። ጆንያውን ማየታቸውን አሁን ገና ማወቁ ነው።

ባለ ሽቶው ፊቱ በራ። የድርጅቱ ንብረት የሆነውን ወንበር ያለ ፈቃድ ፈትቷል ማለት ነው፣ ለእናቱ ብሎ የጋቢናውን ቅርፅ ለውጧል ማለት ነው፣ ውሉ ይህን በግልጽ ይከለክላል፣ ስለዚህ ይህ ጥፋት ይመዝገብልኝ አለ። አቤቱታ ሰሚዋ በደስታ አለችው። ጎንበስ ብላ፣ የምትጽፈውን ጮክ ብላ እያነበበች ጻፈች፤ "የድርጅቱ ተወካይ፣ ገዢው የመኪናውን የጋቢና ወንበር ለታማሚ እናቱ እንዲመች አድርጎ መሥራቱን ገልጸው ተከራክረዋል።" ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን አዙራ እዚህ ይፈርሙልኝ አለችው። ሰውዬው እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። እማማ ቀጠሮ ሕግ አያውቁም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን ግን ያውቃሉ፤ ወንበሩ ለእናት መሠራቱን አሁን የመሰከረው ሰውዬው ራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ቶሎ አለቀ። አቤቱታ ሰሚዋ ሁለቱንም ጎን ለጎን አቁማ አስረዳቻቸው። በስድስት ወር ውስጥ የታየ ብልሽት ከሽያጩ በፊት እንደነበረ ይቆጠራል፤ አይደለም የሚል ሻጭ እሱ ያስረዳ። ድርጅቱ ሻጭም አበዳሪም ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው መግፋት የለም። በሃያ ቀን ውስጥ ካምቢዮውን ያሠራል፣ ካላሠራ መኪናዋን ተረክቦ የተከፈለውን ይመልሳል፤ ሶፋ ሠሪውም መኪናዋ እንደተሠራች ክፍያውን ይቀጥላል። እስከዚያ መኪናዋን ማንም አይነካትም። የወንበሩን ጥፋት በተመለከተ፣ የድሮው ወንበር ሳይበላሽ እስካለ ድረስ የተጎዳ ንብረት አላየችም። ውሉ ላይ ያለውን፣ መኪናዋ ከንግድ ሥራ ውጭ ብትውል እንወስዳለን የሚለውን አንቀጽ ደግሞ በእስክሪብቶዋ ጫፍ መታ መታ አደረገችው፤ ይህ በሸማች ላይ አይሠራም አለች። ሶፋ ሠሪውንም አልማረችውም። ለምን ሳያነቡ ይፈርማሉ አለችው፤ አንብቤ ነው የፈረምኩት አለ። እንግዲያ ሳይጠይቁ ነው የፈረሙት አለችው።

ሙሽሪት አራት ጊዜ ቁልፍ ቢዞርባትም አልነሳም አለች። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል። ሶፋ ሠሪው ወርዶ ብቻውን መግፋት ሲጀምር፣ ባለ ሽቶው ትንሽ ቆሞ አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ ያንን የሚያምር ኮቱን አውልቆ ለአቤቱታ ሰሚዋ አስያዘና ከኋላ ገፋ። ሞተሩ ሲነሳ ጭሱ ሸሚዙ ላይ አረፈ። እማማ ቀጠሮ በመስኮቱ ተባረክ አሉት፤ የእውነታቸውን ነው። እሱም እጁን አነሳ።

መንገድ ላይ ብዙ ሄደው፣ ሁለተኛው ማርሽ ሁለት ጊዜ አስቸግሯቸው፣ ሶፋ ሠሪው አይዞሽ ሙሽሪት አለ፣ ለብቻው። ከዚያ ዳር ይዞ አቆመ። ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ናቸው።

"ይወስዱብኛል ብዬ ነው እማዬ" አለ። "ከሥራ ውጭ ከዋለች እንወስዳታለን ይላል ወረቀቱ። ከወሰዷት ዓርብ በምን አደርስሻለሁ ብዬ ነው።"

"ወንበሬን ስታወጣ ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? አንቺን መጫን ጥፋት ነው ተባለ ልበልሽ?"

እማማ ቀጠሮ ዞረው አዩት። ስንት ቀን ይዞት ከረመ ይሄን ነገር፣ ስንት ሌሊት አልጋው ላይ ተገላበጠበት ብለው አሰቡ፤ ልጃቸው አሳዘናቸው፣ በጣም አሳዘናቸው። ሸክም ነኝ ብለው ሲያስቡት የኖሩት ሃምሳ አንድ ማኅተም ለልጃቸው መኪና ጠበቃ ሆኖ መቆሙም ትዝ አላቸውና ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባቸው። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው የጆሮውን ጫፍ ቆነጠጡት፣ አጥብቀው፣ እንደ ልጅነቱ። ንዳ፣ ቀጠሮ አለብኝ አሉት።

እቤት ሲደርሱ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ምን ሆነ ብላ ሳትጠይቅ ከፊታቸው አነበበችው። ሶፋ ሠሪው ጆንያውን ገፎ ወንበሩን ተሸክሞ አወጣ፣ ደጅ ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ ብሎኖቹን ማሰር ጀመረ፤ ሚስቱ ቁልፍ ታቀብለዋለች። እማማ ቀጠሮ ምርኩዛቸውን ይዘው ከላይ ቆመው፣ የጀርባውን ላብ እያዩ፣ ቀኙን አላጠበቅከውም፣ ይወዛወዛል እያሉ ያዝዙት ነበር። ሲጨርስ በመዳፉ ከፋዩን ጠረግ ጠረግ አደረገው። ከዚያ አልተነሳም። ከኪሱ ሜትሩን አወጣና፣ እንደተንበረከከ፣ የእናቱን የግራ ክንድ ከክርን እስከ ጣት ለካ፤ ከጉልበታቸው እስከ መሬት ለካ። ምንድን ነው አሉት። የትዕዛዝ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ እየጻፈ፣ ከበሩ ትይዩ ነው አይደል ያልሽው አለ። እሳቸውም ቀብድ አልከፍልም አሉ።

ክሊኒኩ የደረሱት ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። በመዝገብ ክፍሉ መስኮት በኩል የወትሮዋ ጸሐፊ የለችም፤ አዲስ ናት፣ የማታውቃቸው፣ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው የምትጠይቅ። ስም ጠየቀች፣ ዕድሜ ጠየቀች፣ የካርድ ቁጥር ጠየቀች። ከኋላቸው ሰልፍ አለ። ልጃቸው የውኃውን ጠርሙስና የሌሊት ጋቢያቸውን ይዞ፣ እንደ ሁልጊዜው በግራቸው በኩል ክንዳቸውን ሳይነካ ግን ቀርቦ ቆሟል።

"ይዞዎት የመጣው ሰው ምንዎ ነው?" አለች ጸሐፊዋ፣ ቀና ሳትል።

እማማ ቀጠሮ ወዲያው አልመለሱም። ልጃቸው አንገቱን ደፋ፤ ጠርሙሱን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። ትንሽ ይጠብቅ አሉ በልባቸው፣ ትንሽ ብቻ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀና አለች። ሰልፉ ላይ የነበረች አንዲት ሴትም ዞር ብላ አየች።

"ልጄ ነው" አሉ እማማ ቀጠሮ። "ሶፋም ይሠራል።"

ጸሐፊዋ የመጀመሪያውን ብቻ ጻፈች።